የጌዶዋ ስምንት

ዘቢደር እንግዳወርቅ አምቦ ተወልዳ ያደገች፣ አርባውን ያለፈች መረጃ ሰብሳቢ ናት። ታብሌቷን በነጠላዋ ሸፍና ከጉደር እስከ ባኮ ያላንኳኳችው በር የለም። ጎረቤትዎ ሌላ እምነት ቢኖረው ይከፋዎታል? ሴት አስተዳዳሪ ብትሆን ይወዳሉ? ደስታዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው? ይህን የመጨረሻውን ያወጣው ሰው የእኛን አገር ሰው አያውቅም። ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ የቆመ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ቢሉት «ተመስገን» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም።

መረጃ ሰብሳቢዎቹ በሥልጠና ላይ «ተመስገን መልስ አይደለም፤ ደግማችሁ ጠይቁ» ተብለዋል። ዘቢደር ግን ጨዋ ያሳደጋት ናት። ፈጣሪውን ያመሰገነን ሰው «እሱስ ይሁን፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መሞገት ነውር ሆኖ ይታያታል። ስለዚህ ተመስገን ላላት ሁሉ ስምንት ትሞላለች። አሥር ይበዛል፤ ከስምንት መውረድ ደግሞ ምስጋናውን ማሳነስ ነው። በዚህ ብልሃቷ ዓመታት ኖረች።

በ2015 ዓ.ም. ጌዶ ላይ ድንቅቱ የምትባል ወጣት ባለትዳር በሯ ላይ ቆማ መለሰችላት። ታብሌቱ እንደ ልማዱ ድምፅ ይቀዳል። ስለ ደስታዋ ስትጠየቅ «ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን» አለች፤ ዘቢደርም ስምንቷን ሞላች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሶቹን ለማጣራት ስትመለስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ኦቦ ኢዶሳ መሬት መሬት እያዩ፣ «ራሷን አጠፋች እኮ፣ አዴ። ምን እንደሆነች ለማንም አልተናገረችም» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የላትም። ቆማ ስታስቀድስ ድንቅቱ ዓይኗ ላይ ትመጣለች፤ ገበያ ውስጥ እንደ እሷ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት ባየች ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። ለባሏ ለደግፌ እንኳ አልነገረችውም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ሆዷ ግን አልፈጀው አለ። የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ብትነግረኝ ኖሮ እሰማት ነበር» ትላለች ለራሷ።

ባለፈው ዓመት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠይቅ አዲስ ጥናት መጣ። «ጭንቀትዎን ለማሽን ያዋያሉ?» የሚል ጥያቄ አለበት። ሱፐርቫይዘሩ አያና አዳዲሶቹን መረጃ ሰብሳቢዎች ከነዘቢደር ጋር አምቦ ላይ ሰብስቦ ሲያሠለጥን ፊቱ ፈካ። «የድሮ ቅጂዎቻችንን ማሽን አዳምጦ ምርጡን ለይቶልናል። የእትዬ ዘቢደር ነው! ፈጣን፣ አንድም ክፍት ቦታ የሌለው። እኔም ገና አልሰማሁት፤ አብረን እንስማ» አለና ከፈተው።

የድንቅቱ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን።» ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «ግን እኮ እህቴ...»

የዘቢደር ድምፅ ላዩ ላይ መጣበት። «ጎሽ፣ ስምንት ብያለሁ። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ዘቢደር ያንን «ግን» ሰምታው አታውቅም ነበር። ያኔ ዓይኗ ታብሌቱ ላይ፣ ጣቷ ቁጥሩ ላይ ነበር።

ለንሳ የምትባል ሠልጣኝ እጇን አወጣች። «ሴትየዋ ስምንት ብላለች እንዴ?»

አያና «ያው ተመስገን ማለት...» ብሎ ሲጀምር ዘቢደር ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። እንጀራዋ እንደሚቆረጥ ታውቃለች።

«አላለችም» አለች። «ልትነግረኝ ነበር። አላስጨረስኳትም።»