ልጃቸውን «አንቱ» ያሉት አባት

የጋፋቱ ገበሬ አቶ ይሻው ልጅ በቀልድ እንጂ በቁጣ ያሳደጉ ሰው አልነበሩም። ፈንታነሽ ተማሪ ሳለች ክረምት በገባ ቁጥር ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እሷን በጀርባቸው አዝለው ወንዙን ያሻግሯት ነበር። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ «አንቺ፣ ይኼ ትምህርት ይከብዳል መሰለኝ፤ ዓምና እንዲህ አልነበርሽም» ይሏታል። እሷ ስትስቅ እሳቸው ይንገዳገዳሉ፤ ማዶ ሲደርሱ ሁለቱም ርሰዋል። በአርባቸው ዕለት ይህ ትዝ ሲላት ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን ያቺ ቃል ተከትላ መጣችባት።

ቃሏ «አንቱ» ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አቶ ይሻውና ጎረቤታቸው አያ ደሳለኝ በወሰን ተጣሉ። «አራት ትልም ገፋኸኝ»፣ «የለም፣ አንተ ነህ የገፋኸኝ» ተባባሉና ሽማግሌ ተቀመጠ። የወሰኑን ድንጋይ ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልጅ ሳለች እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማሳ የምትጠብቅ እሷ አልነበረች?» አሉና ፈንታነሽን ከምታስተምርበት ከደብረ ታቦር አስጠሯት። አባቷ ልጃቸውን ተማምነው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እሷ ግን የምታውቀውን ተናገረች።

«ድንጋዩ ከኮሶው ዛፍ ወዲህ ነበር። አባባ ተሳስተዋል።»

አራቱ ትልም ለደሳለኝ ተፈረደ፤ እርቁም በዚያው ወረደ። በማግስቱ ጠዋት አቶ ይሻው ልጃቸውን በር ላይ ሲያገኟት፣ «እንዴት አደሩ?» አሏት።

ፈንታነሽ ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞር አለች። ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ «ደህና ሰነበቱ?» ነው፤ ማዕድ ሲቀርብም «ኧረ ይብሉ አንቱ» ነው። በዚያ አገር አባት አንቱ ይባላል እንጂ ልጁን አንቱ አይልም። ካለም በገዛ ቤቷ እንግዳ አደረጋት ማለት ነው፤ ፈንታነሽ የገባት እንዲህ ነበር። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት በተሻላት። ልጠይቃቸው ብላ አፏን ከፍታ ስንቴ ስለ ዝናብ አውርታ ተመልሳለች! ዛሬ ነገ ስትል አባቷ በኅዳር አንድ ሳምንት ታመው አረፉ። መጨረሻ የሰማችው ቃላቸውም፣ «ይግቡ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ» የሚል ነበር።

የአርባው እንግዳ ከተሸኘ በኋላ አያ ደሳለኝ ብቻቸውን ዳሱ ውስጥ ቀርተው ነበር። ፈንታነሽ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አያ ደሳለኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባባ ተቀይመውኝ ነው አይደል የሞቱት?»

«ማን? ይሻው? አንቺን?»

«አንቱ ይሉኝ ነበር'ኮ።»

«እሱንማ እኔም ጠይቄዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «‹ምነው ልጅህን አንቱ ትላለህ፣ ቂም ይዘህ ነው?› ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹የምን ቂም! አባቷ ፊት ቆማ፣ ባባቷ ላይ እውነት የተናገረች ሰው ናት። አንቺ ልላት እልና አፌ እምቢ ይለኛል› አለኝ። አንቺ ስትመጪ ከተቀመጠበት ብድግ ሊል ምንም አይቀረው እኮ! ልጅ ፊት ብድግ ማለት ነውር ስለሆነበት ነው እንጂ።»

የፈንታነሽ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በለቅሶው ሰሞን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ይኼኛው ግን የሚያቀል እንባ ነበር። እፎይ ካለች በኋላ ደግሞ ንዴት ቢጤ መጣባት።

«ታዲያ ምነው በሕይወት ሳሉ ቢነግሩኝ?»

አያ ደሳለኝ መሬት መሬት አዩ።

«ቀንቼ ነዋ!» አሉ። «እኔን ይኼን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ ስልሳ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ፣ አንድ ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም።»