በዳዊቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ገጽ

የልጄ የሳይንስ መጽሐፍ ዓመቱ ሳይጋመስ ተበተነ። እሷ "ሌላ ይሰጡኛል" ብላ ዘና ስትል ንድድ አለኝና ትንሿን ድስት ጥጄ፣ ዱቄት በጥብጬ ሙጫ መሥራት ጀመርኩ። ሊወፍር ሲል ሳላስበው ወጣ ብዬ ከጎረቤት አጥር ጥቂት የኒም ቅጠል ቀጥፌ ጨመርኩበት። የዱቄቱና የኒሙ ምሬት አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ማማሰያው ላይ ቀረ። ይሄን ሽታ ካሸተትኩ ስንት ዘመኔ ነው። ወዲያው አሶሳ ነኝ፤ ከገበያው ጀርባ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር ካለችው የቀርከሃ ዳስ ፊት ቆሜያለሁ። ጋሽ ኸሚስም ያው ሙጫውን እያማሰለ ነው።

ጋሽ ኸሚስ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። አሶሳ ላይ ደግሞ ጠራዥ ሥራ አይፈታም፤ ምስጡ ነዋ። ቤቱን ይበላል፣ ሳጥኑን ይበላል፣ ሳጥኑ ውስጥ መጽሐፍ ካገኘማ ደስታውን አይችለውም። ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ ከወለጋ የመጣው ወንጌላዊ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ እኛ ሰፋሪዎቹ ዳዊታችንን ይዘን እሱ ዘንድ ነበር የምንሄደው። ኒም የገባበትን ሙጫ ምስጥ አይነካውም ይል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብቻ እሱ የጠረዘውን ሲበላ አላየሁም። ዳሱ ውስጥ አንድ የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ፣ ከመኪና ሞላ የተሠራ ቢላ፣ ወስፌና በሰም የታሸ ክር አለ። የመነጽሩ አንድ እጀታ ተሰብሮ በሲባጎ ጆሮው ላይ ታስሯል። በማንጎ ወቅት ከላይ አንዱ ተቆርጦ የዳሱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጓ ሲል፣ እሱ ቀና እንኳን ሳይል "መጣ" ይላል።

ጊዜው ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመበት ነው። የትናንቱ መጋዘን ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ጠረጴዛ በሰው ራስ ላይ ተጭኖ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲጓዝ ይውላል፤ ሥራ ፈላጊው ከማንቡክ ሳይቀር እየመጣ አልጋ ይጠፋል። ቀበሌ ሲኬድ ደግሞ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ብሔር?" ሆነ። አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ወረቀቱ ላይ "መጤ" የሚል ያየ ይመስል ፊቱን አጨፍግጎ ይመለሳል። ጋሽ ኸሚስ ግን ብሔሩ በርታ ነው፣ የአገሩ ባለቤት። እሱም ቢሆን ሲጠየቅ "መጽሐፍ ጠራዥ ብለህ ጻፍ" ብሎ ጸሐፊውን አስቆጥቶት ነበር አሉ።

በደርግ ጊዜ የከተማዋ ንባብ ቤት ጠባቂ ነበር። ንባብ ቤት የምላችሁ ግድግዳዋ ላይ የጺማሞቹ ፈላስፎች ሥዕል የተሰቀለባት፣ ቀያይ መጻሕፍት የታጨቁባት አንዲት ክፍል ናት። በልጅነቱ ቁርኣን ብቻ ተምሮ፣ አማርኛን በመሠረተ ትምህርት ለምዶ፣ እነዚያን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር አንብቧቸዋል። ነጋዴዎቹ ከኋላው "ጥራዝ ነጠቅ" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ስለ ወዝ አደሩም ስለ ጭቁኑም የተጻፈውን ለይምሰል ሳይሆን ከልቡ አምኖት ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ ንባብ ቤቱ ተሰበረና መጻሕፍቱ ዝናብ ላይ ተጣሉ። ስኳር ሻጩ ለመጠቅለያ አነሳ፤ ለውዝ ሻጯም ጺማሞቹን እየጠቀለለች ለውዝ ሸጠችባቸው። የተረፈውን ጋሽ ኸሚስ በአህያ ጭኖ ዳሱ ውስጥ ከመረው። ካርቶን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ገጾቹን እየገነጠለ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየለጠፈ፣ የወፍጮ ድንጋዩን እየጫነበት፣ ሲደርቅ እንጨት የሚያህል ጠንካራ ሽፋን ይሠራባቸው ጀመር።

አንድ ሕግ ነበረው። የትኛውንም ገጽ ጮክ ብሎ ሳያነብ አይለጥፍም። "ሰው ደክሞ ነው የጻፈው፤ ሳታነብ መለጠፍ ነውር ነው" ይለኛል። አማርኛው እንዲያ ነበር፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። እኔን ዘሪቱን "አንተ፣ ና ቁጭ በል" ሲለኝ፣ የእውነት ወንድ የሆንኩ ይመስል እግሬን አንፈራጥጬ እቀመጣለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ሲያነብ መስማት ነበር ሥራዬ። ግማሹ አይገባኝም። አንድ ቀን ግን፣ ዓለምን የፈጠረ ማንም የለም፣ ቁስ አካል ከጥንትም ነበረ፣ መልኩን ይቀያይራል እንጂ አይጠፋም የሚል ገጽ ሲያነብ ደነገጥኩ።

"ጋሼ፣ እውነት ነው?" አልኩት።

የሚጤሰውን ድስት አሳየኝ። "ውሃው ወዴት ሄደ? ጠፋ? አልጠፋም። ስለ ቁስ ያለው ደህና ነው።" ገጹን ሙጫ ቀብቶ ለጠፈው። "ማንም የለም የሚለውን ግን እነሱም አላዩ፣ እኔም አላየሁ።"

ያን ቀን ሽፋን እየሠራለት የነበረው የአባቴን ዳዊት ነው። እኔ አውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ያ ዳዊት ከወሎ ስንመጣ አባቴ ብብቱ ውስጥ አድርጎ ያመጣው ነው። ጎህ ሲቀድ ይደግመዋል፣ ለአንድ ጉዳይ። ታላቅ ወንድሜ ይመር በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተቀየረ፤ የእገሌ ልጅ ገባ ተባለ፣ ለእገሌ መርዶ መጣ ተባለ። ለእኛ ግን ይመርም መርዶውም አልመጡም። እናቴ በናፍቆቱ እንደተቃጠለች ሞተች። አባቴ ደግሞ ዳዊቱን ሲጨርስ ዘግቶ ሽፋኑን ግንባሩ ላይ ያስነካና "ይመርን" ይላል። ያቺን ስም ብቻ። ከዚያ ወደ እርሻው ይወጣል።

በክረምቱ ጣሪያችን አፈሰሰና ዳዊቱ ራሰ። አባቴ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው የአንዱ ወገን ሽፋን እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ተላቀቀ። ውስጡ የተጻፈበት ነውና ቁጭ ብሎ አነበበው። ዓለምን የፈጠረ ማንም የለም የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ይሄ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጸሎቴን ከመሬት ያላስነሳብኝ ይሄ ነው። ይሄን ግንባሬ ላይ እያስነካሁ ነው ልጄን የምለምነው።"

አጥር ላይ ቆሞ የሰማ ጎረቤታችን "ሆን ብሎ ነው! ሰፋሪ ስለሆንን ንቆን ነው" ብሎ ዱላውን አነሳ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰፈር ለማቃጠል አንድ ቀን አይፈጅበትም። አባቴም ያውቀዋል። "አንተ ቅር" አለውና ዳዊቱን በነጠላው ጠቅልሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

ዳሱ ውስጥ የወለጋው ወንጌላዊ የተጠረዘለትን መጽሐፍ ቅዱስ ሊወስድ መጥቶ ተቀምጧል። አባቴ ሰላምታም አላቀረበ። የተላጠውን ሽፋን ጋሽ ኸሚስ ፊት ዘረጋና "አንብብልኝ" አለው። ጋሽ ኸሚስ መነጽሩን አስተካክሎ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ሌላ ሰው ቢሆን ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

"እዚህ ውስጥ ያስገባኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጄን የምለምንበት መጽሐፍ ውስጥ?"

ጋሽ ኸሚስ ተነሳ። ከመደርደሪያው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁርኣን አወረደ። የአባቱ ነው፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። ቢስሚላህ ብሎ ያንን ቢላ አነሳና የገዛ ቁርኣኑን ሽፋን ከጠርዙ ሰነጠቀው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ውስጡ ያው ነበር፤ ያው ቀይ መጽሐፍ፣ ያው ፊደል፣ የአንድ ጺማም ግማሽ ፊት።

"ሰዒድ ልጄ ከአንተ ልጅ ጋር በአንድ ኦራል መኪና ነው የሄደው" አለ። "ጫካ ልግባ፣ ልደበቅ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ ይሄን ቀዩን ኪታብ አንብቤ።" ቢላውን አስቀመጠ። "ኋላ ላቃጥለው አልኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ለስኳር ልስጠው አልኩ። ልጄ የሄደበት ነገር ነው፤ እንዴት ስኳር ይጠቀለልበታል? የአላህን ቃል ይሸከም አልኩ። ወላሂ፣ ለስድብ አይደለም።"

አባቴ የተሰነጠቀውን ቁርኣን አየ፣ ዳዊቱን አየ። "አውጣልኝ" አለ በመጨረሻ፣ ግን ይዞት የመጣው ቁጣ ድምፁ ውስጥ አልነበረም።

"ላውጣው። በምን ልተካው?"

"በሌላ ወረቀት ነዋ።"

"ሌላ ወረቀት የለኝም። ካርቶን እፈልጋለሁ፤ ባምባሲ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ።"

አባቴ ዳዊቱን እዚያው ትቶ ወጣ። ወንጌላዊውም የራሱን መጽሐፍ አገላብጦ አየና፣ ሽፋኑን ሳይነካካ ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት በቃሉ የሚያውቀውን ያህል ይደግምና ባዶ መዳፉን ግንባሩ ላይ ያስነካል። ማየቱ ያስጨንቀኝ ነበር። ጎረቤታችን "ምን አለህ?" ብሎ ሲጠይቀው "ይጠግነዋል" ብቻ ብሎ ያልፋል።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከኩርሙክ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጀለቢያ የለበሰ ከሲታ ሰው በራችን ላይ አወረደ። ውሃ የሚለምን መንገደኛ መስሎኝ ጣሳ ይዤ ወጣሁ።

"ዘሪቱ ነሽ?" አለኝ።

ይመር ነበር። ጦሩ ሲበተን ካመለጡት ጋር ድንበር ተሻግሮ፣ ሱዳን የሰው ጥጥ ሲለቅም ኖሮ መምጣቱ ነው። አባቴ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። አስቀመጠውና ጫማውን አውልቆ እግሩን ራሱ አጠበው። እያጠበው "ሰዒድስ?" አለ። ይመር አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ወደ ዳሱ ሄድን። ይመር መንገዱን ሙሉ "እኔ አልነግረውም" ሲል ነበር። ጋሽ ኸሚስ የሳሙና ካርቶን አግኝቶ፣ ለክቶ ቆርጦ፣ ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሮጌውን ገጽ ሊልጥ ቢላውን አንስቷል። ቀና ሲል ይመርን አየ። ፊቱ በራ፤ እውነቴን ነው፣ በሌላ ሰው ልጅ መምጣት እንደዚያ ደስ ሲለው አየሁ። ከዚያ ከይመር ኋላ ተመለከተ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ይመር ተንበርክኮ ነገረው። ሰዒድ በእጁ ላይ እንዳረፈ፣ ራሱ ቆፍሮ እንደቀበረው፣ ፊቱን ወደ ቂብላ እንዳዞረለት። የሙስሊም ጸሎት ስለማያውቅ ግን አቡነ ዘበሰማያት እንደደገመለት። "ይቅር በለኝ፣ የማውቀው እሱን ነው" አለው።

ጋሽ ኸሚስ "ኢና ሊላሂ" ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ የይመርን ራስ ወደ ደረቱ ሳበው። "አንተ ቀበርከው። ሜዳ ላይ አልቀረም። በቃኝ" አለ። አባቴ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ "አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር" ይለው ጀመር። እኛ ወሎዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የምንጽናናው በዚህ ቃል ነው፤ ጋሽ ኸሚስም ቃሉን ያውቀዋል።

እንዲሁ ተቀምጠን ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች። ጋሽ ኸሚስ ዓይኑን ጠርጎ ቢላውን ፈለገ። "ዳዊትህን ልጨርስልህ። ካርቶኑ ተገኝቷል።"

"ተወው" አለ አባቴ። "ያንኑ መልሰህ ለጥፈው።"

"ማንም የለም የሚለውን?"

"እሱኑ። ልጄ የመጣው እሱ ውስጡ እያለ ነው። ፈጣሪ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አልፎ ከሰማ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ጋሽ ኸሚስ ገጹን አንስቶ እንደገና ጮክ ብሎ አነበበው፤ ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ሙጫውን ቀባ።

ይመር መጥቶ የለ፣ አባቴ ካሁን ወዲያ አርፎ ይተኛል ብዬ ነበር። በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ዳዊቱን ደገመ፣ ሽፋኑን ግንባሩ ላይ አስነካና "ሰዒድን" አለ። እስኪሞት ድረስ አላቋረጠም።

እኔ አሁን ባምባሲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተመረቅኩ ጊዜ ጋሽ ኸሚስ በሕይወት ነበር፤ "አንተ ስለ ቁስ ልታስተምር ነው" ብሎ ማንጎ በዘንቢል ሰጠኝ። ዳሱ ዛሬ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ዳዊቱ እኔ ጋ ነው፤ ምስጥ አልነካውም።

ለልጄ መጽሐፍ ሽፋን ያገኘሁትን ወረቀት ሰበሰብኩ፤ የድሮ ፈተና፣ የመዝሙር ቅጠል፣ የአገሩ ባለቤት ማን እንደሆነ መጤውም ማን እንደሆነ የሚያብራራ አንድ የተበተነ ጽሑፍ። አንድ በአንድ ጮክ ብዬ ሳነብ ልጄ ከበሩ ላይ ሳቀችብኝ።

"እማዬ፣ ልትለጥፊው አይደል? ለምን ታነቢዋለሽ?"

"ነውር ነዋ" አልኳት።

መጣችና የመጨረሻውን ከእጄ ወስዳ እሷ ማንበብ ጀመረች። መሀል ላይ ቆም ብላ "ይሄ እውነት ነው?" አለችኝ። "ጨርሺውና እንነጋገራለን" አልኳትና ሙጫው እንዳይደርቅ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግሁበት።