ሂሳብ የሚያስችል ቅንጬ

ዛሬ የገዛ ልጄን በማስተምርበት ትምህርት ቤት የምገባ ሰልፍ ላይ ሳህን ይዛ አገኘኋት!

እናቷ የሠራችላት ፓስታ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ነው። (እናቷ ይህን እንዳታነብ!)

"ምን ትሠሪያለሽ?" ስላት፣ "ሀዊ በሂሳብ የምትበልጠኝ በዚህ ቅንጬ ነው" አለችኝ።

የክፍል ጓደኛዋ ሀዊ አምና በዚህ የአሰላ ብርድ ባዶ ሆዷን እየመጣች ዴስክ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋ ነበር። ምገባው ከተጀመረ ወዲህ ግን ሰሌዳውን ለማንም አትለቅም።

ምግብ የሚያበስሉት አደ ከድጃ ሳቁ። "ተዋት መምህር፣ ትቅመስ።"

ልጄና ሀዊ ቅንጬውንም ፓስታውንም መሐል አድርገው ጨረሱት።

ከሰዓት ሂሳብ ስጠይቅ አሁንም ሀዊ ቀደመች። ልጄ ከኋላ ጮኸች፦ "አባዬ፣ ነገ ሁለት ጭልፋ!"

የእናንተ ልጆች ምሳ ዕቃስ ማን በልቶት ነው ባዶውን የሚመለሰው?