በአጎቴ ደም ቅዳ ውስጥ የሚኖሩት

ጁባ ውስጥ የጤና ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት የምኖረው ሙኑኪ ሰፈር፣ ከአጎቴ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። አጎቴ የልብ ሕመም ስላለበት ሐኪሙ በየቀኑ የሚውጠው ክኒን አዞለታል። ድዱም ይደማል። ምሳ ሰዓት ላይ በደንበኞቹ ፊት «ዶክተሯ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ማለት ይወዳል። እኔም ሳልመልስ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንድ ቀን መምህራችን በደነደነ የደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ባክቴሪያ እንደተገኘ ነገሩን። አንዳንዱ ከአፍ የመጣ ነው። በሽታውን ያመጣው እሱ ይሁን ወይስ በኋላ ገብቶ የተቀመጠ፣ በእርግጠኝነት አልታወቀም። የባክቴሪያ መድኃኒት ተሞክሮ የልብ ሕመምተኞችን እንዳልጠቀመም ጨመረልን። ሁሉንም በጥንቃቄ ጻፍኩ። ለአጎቴ የነገርኩት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደንበኞቹ መብላት ትተው ሲያዳምጡኝ ደስ አለኝ።

«እኔ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው?» አለ አጎቴ።

«ከድድህ ሊሄዱ ይችላሉ፣ ጋሼ።»

«ያውም ኪራይ ሳይከፍሉ» አለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር። ሁሉም ሳቁ።

አጎቴ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ እየከተፈ ድንገት ቢላውን ያቆምና አንገቱን ይዞ ያዳምጣል።

በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጠራኝ። ጣቶቼን ወስዶ አንገቱ ላይ አሳረፈ።

«ዛሬ ዝም ብለዋል» አለኝ በሹክሹክታ።

የደም ሥሩ ሁለት ጊዜ መታ። ቆመ። ስጠብቅ ቆይቶ እንደገና መታ። ከቆዳው ሥር ሆኖ የሚያዳምጠኝ ነገር ያለ መሰለኝ።

«ምን ወስደህ ነው?»

ካስተም ገበያ በፍሬ የገዛውን ቀይና ጥቁር እንክብል ከኪሱ አወጣ። «ያንቺን ባክቴሪያዎች የሚገድል መድኃኒት ነዋ። የልቡን ክኒን ከተውኩት አምስት ቀኔ። ለባክቴሪያ ምን ያደርጋል?»

ደብተሬን አምጥቼ ያልነገርኩትን አነበብኩለት። «ተሞክሮ አልሠራም፣ ጋሼ። እያወቅሁ ነው የዘለልኩት። ላስደስትህ ብዬ።»

አንገቱን በእጁ ያዘ። «ታዲያ ዝም ያለው ማን ነው?»

ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ጠርቼ ወደ ሐኪሙ ይዤው ሄድኩ። ከኋላው ተቀምጬ ደረቱን አቅፌ፣ ክኒኑን የተወው በእኔ ምክንያት መሆኑን ለሐኪሙ የምናገርበትን ቃል እመርጥ ነበር። የልቡ ምት በመዳፌ ሥር ሲቆም ቃሉ ይጠፋኛል፤ ሲመታ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።