ጋሼ ተሰማ ድንጋዮቻቸውን ያሳዩኝ ዕለት

ትናንት ላፍቶ ላይ ለቤት መሠረት አለት ሲፈለጥ በዚያ በኩል አለፍኩ። ከተሰነጠቀው ድንጋይ የወጣው ባሩድ ባሩድ የሚል ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተሰማ መካኒሳ፣ አቦ አጠገብ ይኖሩ ነበር። ለመንገድ ሥራ አገሩን ሲዞሩ ያገኙትን ድንጋይ እያመጡ አንድ ክፍል ሞልተዋል። ክፍሉን ለልጅ አይከፍቱም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን እኔን ጠርተው ያ የባሩድ ሽታ ወዳለው ክፍል አስገቡኝና መጋረጃውን ገለጡት።

ጠረጴዛው ላይ አመድማ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ለሁለት የተከፈለ ኖሮ ግማሹን አነሱት። ውስጡ ዋሻ ነው፤ በግድግዳው ሁሉ እንደ ጥርስ የበቀሉ ወይን ጠጅ ክሪስታሎች ፀሐይዋን ተቀብለው ጣሪያው ላይ በተኗት።

«የምታይውን ንገሪኝ» አሉኝ።

«ሥሩ ጠቆር ይላል፤ ጫፉ እንደ ውሃ የጠራ ነው።»

«ቀስ በይ፤ መሃሉን ዘለልሽው።»

ቀጥለው እጄን አንድ ጉማጅ ላይ አኖሩት። ቅርፊት ያለው ግንድ ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ድንጋይ ሆኗል።

«ዛፍ ነበር። ወፍ ያርፍበት ነበር።»

«መቼ ድንጋይ ሆነ ጋሼ?»

«ቀስ በቀስ ነው፤ እንደኔ ዓይን።»

አልገባኝም። ቤት ስመለስ እናቴ፣ ጋሼን ሐኪሞች ዓይንዎ አይድንም እንዳሏቸው ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እየሄድኩ ድንጋዮቹን አየሁላቸው፤ ጨርሶ ከጨለመባቸው በኋላም።

ዛሬም ልጆቼ፣ አንድ ነገር ካየች ቶሎ አታልፍም እያሉ ይስቁብኛል።