በማርቆስ ጠረጴዛ ላይ የወደቁት

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ጨለማው ገና ሳይገፈፍ ነው። በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው የጫማ ካርቶን የሚያህል የእንጨት ሣጥን ይዣለሁ። ዕቃ ጫኙ ሣጥኑን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። «ሕፃን የታቀፍሽ አስመሰልሽው» ብሎ ሳቀብኝ። ውስጡ ሠራዊት አለ ብዬ ብነግረው የሚያምነኝ ስላልመሰለኝ ዝም ብዬ ገባሁና ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች ልንገራችሁ። እንጀራዬ መድኃኒት ቤት ነው። ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው ግን ከጣት አንጓ የማይበልጡ ወታደሮችን ቀለም በመቀባትና ጠረጴዛ ላይ በማዋጋት ነው። ጨዋታው የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የነበረውን ጦርነት ይመስላል፤ ነፍጥ ገና ብርቅ የነበረበትን፣ ባለ ረጅም ጦር እግረኛና ፈረሰኛ ከነፍጠኛ ጋር ጎን ለጎን ይሰለፍ የነበረበትን ዘመን። ሁለት ሰዎች በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይቆሙና ጦራቸውን በማስመሪያ እየለኩ ተራ በተራ ያንቀሳቅሳሉ። ሲገጥሙ ማን እንደሚወድቅ ዕድል ይወስናል። ወንድሜ «አርባ ዓመት አልፎሽ በአሻንጉሊት» ይለኛል። ይበል።

የዘንድሮው ውድድር ደብረ ማርቆስ ነው። ባለፉት ሁለት ውድድሮች ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ መውጣት እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ዋንጫውን ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ነው የተነሣሁት። አዘጋጁ ይበልጣል የሚባል የታሪክ መምህር ነው፤ በቴሌግራም ተዋውቀን በጨዋታው ከተወዳጀን ቆይተናል። ትናንት ደውሎ፣ ዛሬ ከማርቆስ በፊት ባለችው አምበር እናቱ ቤት እንዳድርና ነገ አብረን ማርቆስ እንድንገባ ነገረኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ።

«ሰብለ፣ እናቴ ስለ አንዳርጌ ካነሡብሽ፣ አደራ፣ ነፍስ ይማር እንዳትያቸው።»

አንዳርጌ ታናሽ ወንድሙ ነው። ወታደር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጦር ጓደኛው ደውሎ፣ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተመልሰን ልናነሣው ግን አልቻልንም አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። እናቱ «ልጄን ያነሣው ሰው ሳይገኝ ለቅሶ አልቀመጥም» ብለዋል። ሊያለቅስ የመጣውን ጎረቤት ከደጃፍ መለሱት፤ የንስሐ አባታቸው ፍትሐት ይደረግለት ቢሏቸውም እምቢ አሉ። እሳቸው ሳያለቅሱ ደግሞ ይበልጣል ማልቀስ አልቻለም። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ተቀመጡ።

ዓርብ ረፋድ፣ ዓባይ በረሃ

ጎሃ ጽዮን ላይ ለቁርስ ወረድን። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮና ትኩስ ዳቦ፣ ሻይ በዝንጅብል። ሾፌሩ በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይጠብቀናል። ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ሬዲዮኑን ዘጋው። ለምን እንደዘጋው ብጠይቀው «ዓባይን ስወርድ የምሰማው ፍሬኔን ብቻ ነው» አለኝ።

መንገዱ ይጠማዘዛል። ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ አሮጌ ምንጣፍ አጨማዶታል። ከባድ መኪኖች እየተንቀራፈፉ ይወጣሉ፣ ዝንጀሮዎች የመንገዱ ግንብ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ድልድዩ ላይ የሚያወራ ሰው የለም። ወንዙ የክረምቱን አፈር ገና አልጨረሰም፤ ቀይ ነው። ያን ሁሉ ወርደን ያን ሁሉ ወጣን፤ ደጀን አፋፍ ላይ የጥቅምት ብርድ ተቀበለን።

እዚያ ፍተሻ ነበርና ሁላችንም ወረድን። ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ሣጥኔን አስከፈተኝ። ስፖንጅ ውስጥ የተደረደሩትን ብረት ለበስ እግረኞች፣ ባለ ነፍጦቹንና ፈረሰኞቹን ሲያይ አጎነበሰ። ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ የጨዋታ ወታደሮች ናቸው አልኩት። አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው።

«ይኸ ፊት አለው» አለ።

አለው። ቅንድቡን ሳይቀር የቀባሁት እኔ ነኝ። ወጣቱ ወታደሩን ቀስ ብሎ ቦታው መለሰው፣ ክዳኑን ራሱ ገጠመና በእጁ እለፊ አለኝ። እስከ ሉማሜ ከተማ ድረስ ሣጥኑ ጭኔ ላይ የከበደኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ ማምሻ፣ አምበር

ከሉማሜ ወዲህ ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፤ አንዳንዱ ማሳ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ መቅላት የጀመረ፣ በመሀል በመሀል ደግሞ የኑግ አበባ። አምበር አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። ይበልጣል ከመኪና ማቆሚያው ተቀበለኝ። በቴሌግራም ከማውቀው ፎቶው ይልቅ ከስቷል።

እናቱን፣ እማማ ጥሩወርቅን፣ ደጃፍ ላይ ወደ መንገዱ ዞረው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር ያልለበሱ፣ ነጠላቸው የጸዳ ሴት ናቸው። ጉንጬን ሳሙኝና ከየት እንደመጣሁ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እራት ሽሮ፣ ጎመንና ሰናፍጭ የገባበት ስልጆ ነበር። ስልጆውን አወድሼ ስበላ «አንዳርጌማ አይወደውም፣ ይሰነፍጠዋል» አሉ። ምን ዓይነት ልጅ ነበር ልል አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ውኃ ጠጣሁበት። እውነቱን ለመናገር ፈራኋቸው። መድኃኒት ቤት ስንት ሐዘንተኛ አስተናግዳለሁ፤ ሐዘኑን በር ላይ አቁሞ የሚጠብቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መኝታዬ መደብ ላይ ተነጠፈ። ጥግ ላይ አንድ አልጋ አለ፣ ንጹሕ አንሶላ ለብሷል፣ ማንም አይተኛበትም። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጠዋት ልንወጣ ስንል እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ። ማርቆስ ገበያ አለኝ አሉ። የያዙት ነገር አልነበረም። ይበልጣል አየኝና መንገድ ለቀቀላቸው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ደብረ ማርቆስ

ሚኒባሱ ከተማ ሲገባ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር፤ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ይርመሰመሳሉ። አዳራሹ ከአንድ ትምህርት ቤት የተለመነ ነው፤ የተገጣጠሙ ዴስኮች፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ከስፖንጅ የተቆረጡ ኮረብቶች። ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ነን። ከኔ በቀር ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ቀድመው ሰላምታ ሰጡኝና ከዚያ ሊያሸንፉኝ ተቀመጡ።

ማርቆሶች ጨዋታውን በራሳቸው መንገድ ነው የሚጫወቱት። እኛ አዲስ አበባ ባለ ስድስት ቁጥሩን ዳይስ እንወረውራለን። የእነ ይበልጣል የንስሐ አባት ግን ዳይስ የቁማር ዕቃ ነው ብለው ስለከለከሉ እዚህ ቁጥር የተጻፈባቸው የሸምበቆ ቁርጥራጮች በትንሽ ቅል ውስጥ ይገባሉ፣ ተጫዋቹ ሳያይ አንድ ያወጣል። ዕጣስ ያው አይደለም ወይ ብዬ ብከራከር አንዱ «ሐዋርያው ማትያስም እኮ በዕጣ ነው የተመረጠ» ብሎ አፌን ዘጋኝ።

ሁለተኛው ሕጋቸው ነው ያስቆጣኝ። በሌላው ቦታ የወደቀ ወታደር ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሣጥን ይገባል፣ አለቀ። እዚህ የወደቀው በወደቀበት ተጋድሞ ይቆያል። ከወገኑ ጓድ አጠገቡ ደርሶ፣ አንድ ሙሉ ተራ ከፍሎ እዚያ የተጋደሙትን ሁሉ ያነሣል። ጨዋታው ሲያበቃ ሳይነሣ የቀረ ደግሞ በባለቤቱ ላይ እጥፍ ይቆጠርበታል። ሬሳ ጥሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ነው አሉኝ። ሕጉን ያወጣው ይበልጣል ነው፤ መቼ እንዳወጣው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ጨዋታ ያንዛዛል ብዬ አጉረመረምኩ፤ ሁለት ጨዋታ ካሸነፍኩ በኋላም ማጉረምረሜን አልተውኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ለዋንጫው የገጠምኩት ከራሱ ከይበልጣል ጋር ነው። የእሱ ወታደሮች ከውጭ የተገዙ አይደሉም፣ ከዋንዛ እንጨት በራሱ እጅ የተቀረጹ ናቸው። እማማ ጥሩወርቅ ገበያውን ትተው ከጠረጴዛው ራስጌ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ፣ አይጠይቁም።

ይበልጣል ኮረብታውን ያዘ። እኔ ባለ ነፍጦቼን ከሸለቆው አፋፍ ደበቅኳቸው። ስድስት እግረኞቹ በሸለቆው ሾልከው ከኋላዬ ሊወጡ ሲሞክሩ ዕጣው ቀናኝ፤ ስድስቱም ወደቁ። ወዲያው ረጅም ጦር የያዙትን ወደፊት ገፋሁና መንገዱን ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ ሰብሮ ሊገባ ሞከረ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት። የመጨረሻው ተራ የእኔ ሆነ። ነጥቡን በልቤ ደመርኩ፤ ኮረብታው የእሱ ቢሆንም ስድስቱ እንደተጋደሙ ከቀሩ ዋንጫው የእኔ ነው። ማድረግ ያለብኝ ምንም አለማድረግ ብቻ ነበር።

«እነዚያን ማን ያነሣቸዋል?» አሉ እማማ።

የጠየቁት ልጃቸውን አይደለም፣ እኔን ነው። እሱ ሊደርስባቸው እንደማይችል፣ መንገዱን የእኔ ጦር እንደያዘው ነገርኳቸው።

«አንቺሳ፣ ትደርሻለሽ?»

«እኔማ አጠገባቸው ነኝ።»

«ካልተነሡስ?»

«ካልተነሡ አሸንፋለሁ፣ እማማ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ይበልጣል ጨዋታ እኮ ነው ብሎ ሊያረጋጋቸው ሞከረ። ጨዋታ መሆኑን እንደሚያውቁ ነገሩትና ሕጉ ጠላት እንዳያነሣ ይከለክል እንደሆነ ጠየቁት። ትንሽ አሰበ። አይከለክልም አለ።

ቸር ሴት መስዬ መታየት አልፈልግም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ አልኩ በልቤ። ቀና ስል ግን እማማ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ በሸለቆው ውስጥ የተጋደሙትን የእንጨት ሰዎች ነበር የሚያዩት፣ ዓይናቸው አይንቀሳቀስም። ሁለት ባለ ነፍጦቼን ወደ ሸለቆው አወረድኩና ተራዬን ከፈልኩ። ስድስቱን አንድ በአንድ አንሥቼ በይበልጣል በኩል ጨርቁ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሁለተኛ ወጣሁ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

እማማ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«በእውነተኛውስ፣ ልጄ? ጠላት ያነሣል?»

«የሚያነሣ አለ» አልኳቸው። መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። የማያነሣም እንዳለ አንብቤያለሁ፤ እሱን አልተናገርኩም።

ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱት።

«እንግዲያ የኔንም አንዱ የእናት ልጅ አንሥቶት ይሆናል።»

ይበልጣል ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ኮረብታው ላይ የቆሙት ወታደሮቹ እየተንከባለሉ ወለሉ ላይ ወረዱ። እናቱ ጭንቅላቱ ላይ እጃቸውን ጫኑና «በል አልቅስ» አሉት።

እሑድ፣ አምበር

በጠዋቱ አውቶቡስ ልመለስ ነበር። ቀረሁ። ፍትሐቱ ከቅዳሴ በኋላ ተደረገ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ፣ ከዚያም ከገጠሩ የሰማው ሁሉ መጣ። ሁለት ዓመት ከደጃፍ የተመለሰው ለቅሶ በአንድ ቀን ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። ይበልጣል የወንድሙን ስም እየጠራ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውኃ ሳድል ዋልኩ፣ እጄ ሥራ ባያገኝ የት እንደማስገባው አላውቅም ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ ከጎረቤት የተዋሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው መሀል ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ አልቃሽ እጃቸውን ሲይዝ አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፤ ሰው አንሥቶታል፣ አፈር ለብሷል፣ ሜዳ ላይ አልቀረም። እንደ ጸሎት ነው የሚደጋግሙት። ባሉት ቁጥር ፊታቸው ትንሽ ይፈታል፣ በሰማሁት ቁጥር እኔ ማሰሮዬን ይዤ ፈቀቅ እላለሁ።

ከሰዓት ላይ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ የእማማ ባል ወንድም ናቸው አሉኝ። ተቀመጡና አንዳርጌ መነሣቱን ለእማማ ማን እንደነገራቸው ጠየቁ። ለክፋት አልነበረም፣ ዘመድ ስለሆኑ ማወቅ ፈልገው ነው። እማማ ዓይናቸውን በሰው መሀል አዙረው እኔን አገኙኝ።

«ይች ልጅ ታውቃለች» አሉ። «አንሥቶታል፣ አይደል ልጄ?»

የማውቀው ነገር የለም። የማውቀው ጠረጴዛና ጨርቅ፣ ከስፖንጅ የተቆረጠ ኮረብታ ነው። ያ ልጅ የወደቀበትን አገር በስሙ እንኳ አላውቀውም። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፣ ይበልጣልም በቀላ ዓይኑ ያየኛል። የውኃውን ማሰሮ መሬት አስቀመጥኩ።

«አንሥቶታል፣ እማማ» አልኩ።