ከዘበኛ ጋር የተቋጠረው ጎረቤታችን

ዓረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ለምን አዳማ እንደሚሰፍር ብትጠይቁ መልስ የሚቸግረው ሰው አታገኙም። «ባቡሩ ነዋ!» ይላችኋል፣ ምን ዓይነት ቂሎች ናቸው በሚል ፊት። እኔም እንደዚያው እል ነበር። አሁን ግን ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባቡሩ'ኮ ወለንጪቲም ይቆማል። አዋሽማ ሰው ወርዶ ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ኬላው እኛ በር ላይ ነው፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ አርሲ ነው ይላሉ ደግሞ። ኬላ ያለበት ስንት ቦታ አለ! ታዲያ ከድሬዳዋ የሚመጣው እንግዳ ያን ሁሉ ጣቢያ በመስኮት እያየ አልፎ እኛ ጋ የሚወርደው ለምንድነው? ማንም አይጠይቅም። መልሱን ያውቁታላ!

እኔም የጠየቅሁት ከሰው ተሽዬ አይደለም፤ ታዝዤ ነው። እንዲህ ነው የሆነው።

ከአዲስ አበባ ሚሲዮን ቤት ትምህርቴን ጨርሼ ገና መመለሴ ነበር። የምስክር ወረቀቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ፈረንሳይኛ ለምታነብ ልጅ አዳማ ውስጥ ምን ሥራ አለ? ያሳደገችኝ ይህችው አክስቴ ናት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከለገሀሩ ጀርባ ያለውን መሬት፣ ከአዋሽ ማዶ ያለውንም እርሻ ራሷ ናት የምታሠራው። እናቷ የአርሲ ሰው ስለነበረች በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ በኦሮምኛ ነው የምትጨርሰው።

ከአጥራችን ቀጥሎ ያለው የየመኑ ሰው ሱቅ ነው። ስኳር፣ ጋዝ፣ አቡጀዲ፣ መርፌ፣ ክብሪት፤ ሁሉም እሱ ጋ አለ። ልጅ ሆኜ ጥርሴ ሲነቀል ቴምር ይሰጠኝ ነበር። ሚስቱ የወሎ ሴት ናት፤ አማርኛን ከእሷ ስለተማረ ሰውየው ሲናገር ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ደሴ ተወልዶ ያደገ ይመስላችኋል።

በዚያ በጋ ለከተማው አዲስ ሹም መጣ። ጸሐፊው ዓይኑን ታሞ ስለነበር «የተማረች ልጅ አለች ተብሏል፣ ትምጣ» አለ። ሄድኩ። የዚያን ቀን ኩራቴን ባያችሁ! በከተማው ያለውን የውጭ ሰው ሁሉ እየዞርኩ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ከየት መጣ፣ ለምን እዚህ ሰፈረ፣ ዋሱ ማን ነው።

ዋስ በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፣ ሲከሰስ ዋስ ይጠራል። እንግዳ ሲሆንማ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ቢጠፋ እኔን ያዙኝ» የሚል የአገር ሰው ካላገኘ ቤትም አይሰጠው፣ ሱቅም አይከፍት።

ዞርኩ። ግሪኩ «ባቡሩ» አለኝ። አርመኑ ጫማ ሰፊም ከቆዳው ላይ ቀና ሳይል «ባቡሩ» አለኝ። ጻፍኩ። ጎረቤታችን ጋ ስደርስ ቸኩዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ነው ብዬ ልጻፍልህ?» አልኩት።

«ኧረ ምን ባቡር! ባቡሩማ ይዞኝ ሊያልፍ ነበር» አለና ሳቀ። «ከድሬዳዋ የተነሣሁት ጨርቄን ተሸክሜ ነው። ወለንጪቲ ወርጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሰዉ ክፉ አይደለም፣ ወተት አጠጣኝ። ቤት ስጡኝ ስል ግን፣ ዋስህ ማን ነው? ማን ያውቀኛል ልበል? ተመልሼ ተሳፈርኩ። እዚህ ውሃ ልጠጣ ብወርድ የአክስትሽ ባል አጥር ያጥራል። ውሃ ለመንኩት። እስቲ ይችን እንጨት ያዝልኝ አለኝ። ያዝኩለት። አጥሩ ሲያልቅ እጄን ይዞ ሹም ቤት ወሰደኝና ‹ይሄ ሰው የኔ ነው› አለ። በቃ፣ ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ።»

«አጥር ስለያዝክ ብቻ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለአገሬ ልጆች ግን አዳማ ውረዱ፣ ዋስ የሚሆን ሰው አለ ብዬ ላክሁ። እነሱም መጡ።»

ይህ ሁሉ ለኔ ያኔ ወሬ ነበር። ዋስ በሚለው ቦታ የአክስቴን ባል ስም ጻፍኩ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ትምህርት ቤት የተማርኩት ጥንቃቄ መስሎኝ፣ ከጎኑ አንድ ቃል ጨመርኩ፤ «ሞተዋል»።

በሦስተኛው ቀን ከሱቁ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። የሹሙ ዘበኛ የጎረቤታችንን ነጠላ ጫፍ ከራሱ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጥራል። ቁራኛ መሆኑ ነው። ዋሱ የሞተ ሰው ዋስ እንደሌለው ይቆጠራል፤ እስከ ቅዳሜ አዲስ ዋስ ይጥራ፤ ካልጠራ በቅዳሜው ባቡር ወደ መጣበት ይመለስ፤ እስከዚያ እንዳይጠፋ ከዘበኛው ጋር ተቋጥሮ ይዋል ብሎ አዟል ሹሙ። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው እንዳይጠፋ! የት ሊጠፋ? ስኳሩን ትቶ?

ሱቁን ግን አልዘጋም። ሚዛኑን ሲያነሣ ዘበኛው አብሮ ይነሣል፤ አቡጀዲ ሊያወርድ ሲንጠራራ ዘበኛው ይንጠራራል። ገዢው መሳቂያ አደረጋቸው። «ዛሬ ሁለት ሆናችሁ ሳለ ስኳሩ ለምን አልጨመረም?» ይላል አንዱ። ጸሎት ሲደርስ ደግሞ ጎረቤታችን ሲሰግድ ዘበኛው፣ ማተቡን አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው፣ የኩታውን ጫፍ ይዞ እንደ ፍየል ጠባቂ ቆሞ ይጠብቃል። የወሎዋ ሚስት አልቻለችም።

«አንተ ልጅ፣ በቀን አምስት ጊዜ ነው» አለችው። «ወይ አብረህ ስገድ፣ ወይ ሂድና ‹ይህ ሰው ያለበትን አላህም ያውቀዋል› ብለህ ለጌታህ ንገር።»

ዘበኛው አፈረ። «እኔ ምን ላድርግ እናቴ፣ ታዝዤ ነው።»

እኔም ታዝዤ ነበር የጻፍኩት። ፊቴን የት እንደማደርግ ጠፋኝ።

አክስቴ አጨዳ ላይ ስለሆነች ከአዋሽ ማዶ ነበረች። እስክትመጣ ብዬ ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት እህል ነጋዴው ጋ ነው። በየቀኑ የጎረቤታችን ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ «ባቡሩ ነዋ»ን ከሁሉም አብዝቶ የሚል እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዋስ ይሁኑለት።»

«እኔማ እወደዋለሁ» አለኝ፣ ደረቱን እየመታ። «ግን ሹሙ አዲስ ነው፣ ጠባዩን ገና አላጠናነውም።»

«ሰውየውንስ? ሃያ ዓመት አላጠኑትም?»

«አንቺ ልጅ፣ ለነሱ አትጨነቂ። ባቡሩ አለላቸው፤ ሌላ ጣቢያ ወርደው ሌላ ሱቅ ይከፍታሉ። ሥራቸው'ኮ ነው።»

ወጥቼ ሄድኩ። ሌላው ወገቡን አሞታል። ሌላው ከወንድሙ ጋር ሳይመክር ዋስ አይሆንም፤ ወንድሙ ደግሞ አሰላ ነው። እነዚህ ሰዎች የሰርጋቸውን ስኳር ከየት ወሰዱ? የሬሳ መገነዣ አቡጀዲ በእሑድ ማን በሩን ከፍቶ ሰጣቸው? ስሙን ሲጠሩት «የኛ ዓረብ» ይላሉ። የኛ! የኛ የሚሆነው ሲሸጥልን ነው ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት አክስቴ በበቅሎ መጣች። ገና ሳትወርድ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጻፍኩትንም።

«‹ሞተዋል› ብለሽ ጻፍሽ?» አለችኝ።

«እውነት ነው'ኮ እቴቴ።»

«እውነትማ ነው። እኔስ? እኔም ሞቻለሁ?»

አልገባኝም።

«መሬቱ በኔ እጅ ነው፣ አጥሩ በኔ እጅ ነው። ከጎኑ የኔን ስም ብትጽፊ ምን ነበረበት?»

እውነቱን ልናገር፤ በሐሳቤ አልመጣም። ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ከተማው ለሴት ሥራ የለውም ብዬ ስንጨረጨር ከርሜ፣ እኔው ራሴ ዋስ ፍለጋ ስዞር አንድም የሴት በር አላንኳኳሁም። ሹሙ ላይ የተናደድኩትን ያህል ያን ቀን በራሴ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሹሙ ግቢ ሄድን። ጎረቤታችን ከዘበኛው ጋር እንደተቋጠረ ነው። ሚስቱ ዕቃውን በአንድ ጆንያ አሥራ ይዛለች፤ እህል ነጋዴውም ሊያይ መጥቷል። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር አንድ ጊዜ ጮኾ ነበር።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«የሴት ዋስ አልቀበልም» አለ ሹሙ። «ወንድ ጥሪ።»

«ጌታዬ፣ አሥራት ስትቀበሉ ሴት ናት ብላችሁ ታልፉኛላችሁ?»

«ያ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው።»

አክስቴ ወደ ዘበኛው ዞረች። «አከም ጅርተ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቀችው። ልጁ የአገሯ ልጅ ነበርና ፈገግ አለ። እሷ እየጠየቀችው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ጣቶቿ ቋጠሮውን ፈቱ። ማንም ሳያስቆማት የጎረቤታችንን ነጠላ ጫፍ ከራሷ ጥቁር የሐዘን ነጠላ ጋር ቋጠረችው፤ ሁለት ጊዜ፣ አጥብቃ።

«ዋስ አትሆኚም ካላችሁኝ ቁራኛ ልሁን» አለች። «ዘበኛችሁ ይረፍ። ባቡር ላይ የምትጭኑትም ከሆነ አብሬ ነኝ። ለሁለት ሰው ቦታ ፈልጉልን።»

 ከዚያ የወሎዋ ሴት፣ ከሌሊት ጀምራ ስታለቅስ የነበረችው፣ «እትዬ!» ብላ ጮኸች፣ «ባሌን ይዘሽብኝ ድሬዳዋ ልትሄጂ ነው እንዴ!» ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ሳቀ። ጎረቤታችን ራሱ፣ ጆንያው አጠገቡ ሆኖ፣ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ያልሳቀ ሹሙ ብቻ ነው። ባለመሬት መበለት በሐዘን ልብሷ ከዓረብ ጋር ተቋጥራ ለገሀር ስትሄድ ከተማው ምን እንደሚል ማሰብ ጀምሯል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ባቡሩ ደግሞ ጮኸ። አክስቴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ጎረቤታችን አብሯት ሄደ።

«ሂዱ ወደየቤታችሁ!» አለ ሹሙ።

መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። «ዋስ በሚለው ላይ ምን ልጻፍ ጌታዬ?» አልኩት።

«ያሻሽን ጻፊ!»

«ሞተዋል» የሚለውን ሰረዝኩ። የአክስቴን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ፤ ብዕሩን ሁለቴ ቀለም ነክሬ፣ ከሌላው ሁሉ አወፍሬ። ለምን እዚህ ሰፈረ በሚለው ላይ ደግሞ ቀድሞ ባዶ የተውኩት ቦታ ነበር። «አጥር ስለያዘ» ብዬ ሞላሁት። ሹሙ እስከዛሬ አላነበበውም ይሆናል።

ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ ስላለ አክስቴና ጎረቤታችን እንደተቋጠሩ መንገዱን ሙሉ ሄዱ፤ ሚስቱ ናት ሱቅ ደርሰን በጥርሷ የፈታችው። ሱቁ ወዲያው ተከፈተ። የመጀመሪያው ገዢ ማን ይመስላችኋል? እህል ነጋዴው።

«እኔ ብዬ ነበር» አለ፣ በረንዳው ላይ እየተደላደለ። «ባቡሩ እያለ እነዚህ ሰዎች ከአዳማ ንቅንቅ አይሉም። እስቲ ስኳር መዝንልኝ።»

«ጋሼ» አልኩት፣ «ባቡሩ ከሆነ ስኳርዎን ሄደው ከባቡሩ ይግዙ!»

አክስቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ጎረቤታችን ግን ሚዛኑን አንሥቶ መዘነለት፤ ትንሽም ጨመረለት። እሱ እንደዚያ ነው። እኔ አይደለሁም።